የጠጋኙ ሚስት ዓይን

በደብረ ታቦር ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ከመንገዱ በስተግራ፣ ቀለሙ የለቀቀ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለ። በሩ ላይ «ዓለምነው ራዲዮና ቴሌቪዥን ጥገና» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ዛሬ የሚነበበው «ዓለምነው ራ» የሚለው ብቻ ነው። ከዚያ በር ጀርባ እቴነሽ አርባ አንድ ዓመት ኖራለች። ሦስት ልጆች ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ድራለች። በነዚያ ዓመታት ቤቷ ቴሌቪዥን ያልነበረበት ቀን ጥቂት ነው፤ የራሷ የሆነ ቴሌቪዥን ግን አንድ ቀን እንኳ ኖሯት አያውቅም።

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ። ባሏ ዓለምነው የሰው ቴሌቪዥን ይጠግንና «ደህና መሥራቱን ሁለት ሦስት ቀን ልየው» ብሎ መደቡ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ቤተሰቡም በዚያው ያያል። ባለቤቱ ሲመጣ ይወስደዋል። ሌላ ይተካል። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ድምፅ እንጂ ምስል የሌለው፣ አንዱ ምስል እንጂ ድምፅ የሌለው። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ድምፅ ያለውን ከታች፣ ምስል ያለውን ከላይ ደርበው ዜና ያዩበት ክረምት ነበር። አንድ ጊዜማ እቴነሽ በየሳምንቱ ስትከታተለው የከረመችው ድራማ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ አዳነ የሚባል የእብናት ከብት ነጋዴ በቅሎ ይዞ መጣና ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጭኖት ሄደ። የድራማዋ ልጅ ሰውየውን ታግባው አታግባው እቴነሽ ሳታውቅ ቀረች። ከዚያ ወዲህ በሰው ቴሌቪዥን ላይ ልቧን መጣል ትታ ነበር።

እናም ባለፈው ነሐሴ መባቻ ዕቁብ ሲደርሳት ብሩን በመሐረብ ቋጥራ መጣችና ዓለምነው አጠገብ ተቀመጠች።

«ቴሌቪዥን እንገዛለን» አለችው።

«የምን ቴሌቪዥን?»

«አዲስ። ካርቶኑ ያልተከፈተ። ማንም መጥቶ የማይወስደው።»

 ከደጅ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ዓለምነው የሁለት እጆቹን ጣቶች አቆላልፎ ጉልበቱ ላይ አኖራቸው። ከሁለት ዓመት ወዲህ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ሰው ፊት ሲሆን እንዲያ አድርጎ ይይዛቸዋል። ዝም ያለበትን ምክንያት እቴነሽ ታውቃለች። ያ አዲስ የተባለው ስስ ቴሌቪዥን ነው ሥራውን የቀማው። ሲበላሽ አይጠገንም፤ ካርዱ ተነቅሎ ይጣልና ሌላ ካርድ ይሰካበታል። ለዚያ ደግሞ ዓለምነው አያስፈልግም።

እሷም አታስፈልግም። ይህን ግን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓለምነው ሙያውን የተማረው ባሕር ዳር፣ ከአንድ ሽማግሌ ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ነው። እቴነሽን ከገሳይ አግብቶ ሲያመጣት በከተማው ያሉት ቴሌቪዥኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሁሉም ጥቁርና ነጭ። በነዚያ ላይ የሚደርስበት አልነበረም። የድምፁን ጉርምርምታ ሰምቶ የታመመችውን ዕቃ ይነግርሃል ይሉት ነበር። ኋላ ግን ቀለም ያለው መጣ። መጀመሪያ ያመጣለት አንድ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው። ዓለምነው ሁለት ቀን ለፍቶ ምስሉን አወጣው፤ ተደስቶም ባለቤቱን ጠራ። ሰውየው ቆሞ አየና «ዜና አንባቢው ለምን አረንጓዴ ሆነ?» አለ።

ዓለምነው ወደ ምስሉ አየ፤ ወደ ሰውየው አየ። «ሲሞቅ ይስተካከላል፤ ነገ ይምጡ» አለ።

ሰውየው እንደወጣ እቴነሽን ጠራት። ያን ጊዜ ከተጋቡ አንድ ዓመት አልሞላቸውም።

«ተቀመጪ፤ አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት። «ቀይና አረንጓዴ እኔ ዘንድ አንድ ነው። የበሰለ ቲማቲም ካልበሰለው የምለየው በጣቴ ነው። ልጅ ሆኜ የሰው ማሳ ውስጥ ገብቼ እሸት መስሎኝ የደረቀ ባቄላ ለቅሜ መሳቂያ ሆኛለሁ። ይህ ነገር ከታወቀ ማን ቴሌቪዥኑን ያመጣልኛል?»

መጀመሪያ ሳቅ መጣባት። ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋን ዋጠችው።

እሷ ደግሞ ከቀለም ጋር ያደገች ናት። እናቷ እመት ዓለሚቱ በገሳይ ገበያ ስማቸው የተጠራ ሰፌድ ሰፊ ነበሩ። አክርማውን በተለያየ ድስት ይነክሩታል፤ እቴነሽ በሰባት ዓመቷ ቀዩ ስንት ቀን ቢነከር ደማቅ፣ ስንት ቀን ቢነከር ወይን ጠጅ እንደሚሆን ታውቅ ነበር። ከሩቅ አይታ «ይህ ሐረግ አንድ ስፌት ቢጫ ጎድሎታል» የምትል ልጅ ነበረች። ስለዚህ በርጩማዋን ሳበችና ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። «ሰውየው ጎመን መስሏል» አለች። እሱ ከኋላ በኩል በቀጭን መፍቻ አንዷን ነገር አዞረ። «አሁን በርበሬ ሆነ። መልሰው። ትንሽ መልሰው። እዚያ ላይ ተው።»

በማግስቱ ባለቤቱ መጥቶ አየና ከተባለው ዋጋ ላይ ጨምሮ ከፈለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እቴነሽ እንዝርቷን ይዛ ሱቁ ውስጥ መቀመጥ ለመደች። ለሚያይ ሰው ባሏን ለማጫወት የተቀመጠች ፈታይ ናት። ቀዩ ከበዛ «ዛሬ ወጡ በርበሬ በዛበት መሰለኝ» ትላለች፤ አረንጓዴው ካነሰ «ጎመን መቁረጥ ሳይኖርብኝ አልቀረም» ትላለች፤ ሰማያዊው ከደፈረሰ «ዛሬስ ሰማዩ አላማረኝም» ትላለች። ዓለምነው ቀና ሳይል መፍቻውን ያዞራል። ያ የእብናቱ አዳነ እንኳ አንድ ቀን ለጓደኛው «ሰውየው አንደኛ ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ ግን ከምግብ ሌላ ወሬ የላትም» ሲል በጆሮዋ ሰምታለች። ያን ምሽት ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ምስል ብቻ አይደለም። በቴሌቪዥን ሆድ ዕቃ ውስጥ ሬዚስተር የምትባል የገብስ ፍሬ የምታህል ቁራጭ አለች፤ ልኳ የሚታወቀው ወገቧ ላይ በተሳሉት የቀለም ቀለበቶች ነው። ዓለምነው ቁራጯን በወረንጦ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሣታል፤ እቴነሽ ጎንበስ ብላ «ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቀይ» ትለዋለች። እሱ በልቡ አስልቶ «አንድ ሺህ» ይላል። የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ፣ ሁለተኛውን አዝላ፣ ሦስተኛዋን ኤልሳቤጥን እያጠባች እንዲህ ቀለም ቆጥራለታለች። ቆይቶ ቁጥሮቹን እሷም አወቀቻቸው፤ አንዳንድ ቀን እሱ ከመድረሱ በፊት «አራት መቶ ሰባ ናት» ትለውና ዞር ብሎ ያያታል። በኑሮዋ ብዙ መልካም ነገር አይታለች፤ ግን ደጉ ጊዜሽ መቼ ነበር ብትባል፣ መስኮቱ ሥር ግንባራቸው ሊነካካ ሲቀርብና የብየዳው ጢስ በመካከላቸው ሲያልፍ የነበረውን ጊዜ ነው የምትጠራው።

ኋላ ስሱ ቴሌቪዥን መጣ። መፍቻ የሚዞርበት ቦታ የለውም፤ ቀለሙ በሪሞት ይስተካከላል። በርጩማው ወደ ጓዳ ገባ። ማንም ምንም አላለም፤ እንዲሁ አንድ ቀን እንዝርቷን ይዛ ሱቁ አልሄደችም፤ እሱም አልጠራትም።

«በል እንግዲህ፤ ትሄዳለህ ወይስ ብቻዬን ልሂድ?» አለችው ዕቁቡ በደረሳት ቀን፣ ብሩን በመሐረብ እንደቋጠረች።

«ብቻሽንማ ያታልሉሻል» አለና ጃኬቱን አነሣ።

የሄዱት ወደ ሞላ ሱቅ ነው። ሞላ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ለሰው አክብሮት ያለው ነጋዴ ነው፤ አባቱ የዓለምነው ደንበኛ ነበሩ። ገና ሲያያቸው ከባንኮኒው ወጥቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ ወንበርም አመጣ። ግድግዳው ላይ ስምንት ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ስምንቱም ላይ አንድ ዓይነት በቀቀን ክንፉን ይዘረጋል፣ አንድ ዓይነት አበባ ይፈነዳል።

«ጋሼ ዓለምነው፣ ለእርስዎማ ምን እነግርዎታለሁ» አለ ሞላ። «እትዬ፣ በስንት አስበው ነው የመጡት?»

«ሃያ አራት ሺህ አለኝ» አለች እቴነሽ። «ከዚያ በላይ አንድ ብር የለኝም። ከሱም ላይ መብራቱ ሲያብድ የሚይዝልኝን ዕቃ እፈልጋለሁ።»

«ስታብላይዘር ማለቷ ነው» አለ ዓለምነው።

ሞላ ሁለት አሳያቸው። አንደኛው አርባ ሦስት ኢንች ነው፤ ግድግዳውን ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ማርካውን ማንም ሰምቶት አያውቅም፤ ጥጉ ላይ ግን «ፎርኬ» የሚል ወርቃማ ወረቀት ተለጥፎበታል። ሃያ ሦስት ሺህ። ሌላው ሠላሳ ሁለት ኢንች፣ ስሙ የታወቀ፣ ጥጉ ላይ «ፉል ኤችዲ» ብቻ የሚል፤ ሃያ ሺህ ከአምስት መቶ። ከትልቁ አጠገብ ሲታይ የበኩር ልጅ ጎን የቆመ ታናሽ ይመስላል።

ዓለምነው ከትልቁ ፊት ሄዶ ቆመ። እቴነሽ ከኋላው አየችው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ትልልቅ ቴሌቪዥን በጀርባው ተሸክሞ ያወጣና ያገባ ሰው ነው፤ አሁን ትከሻው ወርዶ ጃኬቱ ሰፍቶታል። ትልቁን እንደፈለገው ገባት። እሷም ብትሆን አልጠላችውም።

«ስታብላይዘሩን ቆይተን ብንገዛውስ?» አለ ዓለምነው፣ ፊቱን ሳያዞር።

«በነሐሴ መብራት? ሳምንት አይቆይልህም። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

 ትንሽ ቆይቶ ግን የጥንቱ ጠጋኝ መጣበት። «ሞላ፣ ይህን በቀቀን አንሣልኝ» አለ። «ይህ የተሠራው የትኛውም ቴሌቪዥን ላይ እንዲያምር ነው። ሰው ቤቱ ሄዶ በቀቀን አያይም። የኛን ክተትልን።» ከደረት ኪሱ ፍላሽ አወጣ። የኤልሳቤጥ ሠርግ ነው፤ የዛሬ አሥር ዓመት በገሳይ፣ በእቴነሽ ወንድም ግቢ የተቀረጸ። የቀረጸው ልጅ ጥሩ ካሜራ ነበረው፤ እነሱ ግን እስከ ዛሬ ያዩት በየአሮጌው ቴሌቪዥን፣ በጭጋግ ውስጥ እንደሚታይ ነገር ነው።

ሞላ መጀመሪያ ትልቁ ላይ ሰካው። ዳሱ ታየ፤ ሙሽራዋ ገባች፤ ሰው ሁሉ ግዙፍ ሆነ። ከዳሱ ጀርባ የታሰሩት በሬዎች እንኳ ጥጃ ያህሉ ነበር። ዓለምነው ጠጋ ብሎ በአፍንጫው ሊነካው ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ጎን።

«ፊታቸው ታጥቧል» አለ ለእቴነሽ፣ በዝግታ። «ምስል ማለት እንደ እናትሽ ሰፌድ ነው። በነጥብ ነው የሚሰፋው። ሰፌዱ ሰፍቶ ስፌቱ ሻካራ ከሆነ ሐረጉ አይወጣም። ወርቃማው ወረቀት ብዙ ስፌት አለኝ ይላል፤ እኔ ግን አላየሁትም።» ከዚያ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገና፣ ስንት ዓመት ሙሉ ያልጠየቃትን ጠየቃት። «በርበሬው እንዴት ነው?»

እቴነሽ ወደ ምስሉ ጠጋ አለች።  «በዝቷል» አለች። «ከዳሱ ጀርባ ያለው የወንድሜ በሬ ቡናማ ዳማ ነው። እዚህ ላይ ግን አዋዜ የተቀባ መስሏል። ጎመኑም ልክ አይደለም፤ ቀጤማው የላስቲክ ይመስላል።»

ሞላ ግራ ገባው። «ጋሼ፣ ምሳ አልበላችሁም እንዴ? ከጎረቤት ላስመጣ?»

«ምሳ በልተናል» አለ ዓለምነው። «ትንሹ ላይ አድርግልን።»

ትንሹ ላይ ተደረገ። ዳሱ አነሰ፤ ሰዉም ወደ ልኩ ተመለሰ። በሬው ዳማ ሆነ። ቀጤማው ከወንዝ ዳር የመጣ ቀጤማ ሆነ። ሙሽራዋ ገባች፤ ካሜራው ከእሷ ወደ ዘመድ አዝማዱ ዞረ፤ ከዚያም ከምሰሶው ሥር ነጭ ነጠላ ለብሰው የተቀመጡ አሮጊት ላይ አረፈ።

እመት ዓለሚቱ ናቸው። ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። እቴነሽ ይህን ሠርግ ስንት ጊዜ አይታዋለች፤ እናቷ ግን ሁልጊዜ ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት ብቻ ነበሩ። አሁን የአንገታቸው ንቅሳት ታየ፤ ስምንቱ መስመር አንድ በአንድ፣ ያ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር አረንጓዴ። ጥፍራቸው ሥር ያለው፣ ዕድሜ ልካቸውን ታጥቦ ያልለቀቀው የአክርማ ቀለም ታየ። በልጅነቷ ያ እጅ ፀጉሯን ሲሠራት ግንባሯ ላይ ቀይ ነጥብ ይተው ነበር፤ ረስታው ነበር። እናቷ ወደ ካሜራው ቀና አሉ፤ የማያውቁት ነገር ሆኖባቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

«እዚህ ላይ አቁምልኝ» አለች እቴነሽ።

ሞላ አቆመው። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ገበያተኞች ገብተው ነበር። እቴነሽ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አታውቅም። በመጨረሻ «ይሄኛውን» አለች፤ ወንበሩ ላይም ተቀመጠች።

ሞላ ካርቶኑን እያወረደ ሊያጫውታቸው ፈለገ። «አባቴ ነፍሱን ይማረውና ምን ይል ነበር መሰላችሁ፤ ‹ባሕር ዳር ድረስ ብትሄዱ እንደ ዓለምነው ቀለም የሚያስተካክል አታገኙም› ይል ነበር። ‹እሱ የነካው ቴሌቪዥን ላይ የሰው ፊት የሰው ፊት ይመስላል› ይል ነበር። እውነትም ዓይን አለዎት ጋሼ።»

ዓለምነው የተቆላለፉ ጣቶቹን ፈታ። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ አልደበቀውም።

«እኔ ቀለም አላይም» አለ።

ሞላ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ።

«እውነቴን ነው። ከተወለድኩ ጀምሮ ቀይና አረንጓዴ አልለይም። ያባትህን ቴሌቪዥን ሆዱን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የሰው ፊት የሰው ፊት እንዲመስል ያደረገችው ግን እሷ ናት። አርባ ዓመት ሙሉ እሷ ናት። ባለሙያው ዓለምነው ሲባል ዝም ብዬ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ እሷም ዝም አለች።»

ሰው ሁሉ ወደ እቴነሽ ዞረ። ምን እንደምታደርግ ቸገራት፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ አሁንም አስተካከለች። «ምን ያለበት ነገር ነው» አለች በመጨረሻ። «በዘመኑ ሥራው ያንን ይጠይቅ ነበር።»

 ሞላ ያን ጎመንና በርበሬ አሰበው መሰል፣ ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ ካርቶኑን አስቀምጦ ወደ እቴነሽ መጣና ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ። እሷም «ኧረ ተው ልጄ» ብላ አነሣችው። ከስታብላይዘሩ ላይ ሦስት መቶ ብር ቀነሰላቸው፤ ሳትጠይቀው።

በባጃጅ ሲመለሱ ዓለምነው ካርቶኑን በሁለት እጁ አቅፎት ነበር።  ድልድዩን ሲሻገሩ እቴነሽ «ለምን ነገርካቸው?» አለችው።

«አሁን ማን ይከለክለኛል» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ቀድሞ መንገር ነበረብኝ። እንጀራችን ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ ስሙ ጣመኝ።»

እሷ ወደ ደጅ አየች። አልተቀየመችውም። ግን እንዳልተቀየመች ወዲያው ልትነግረውም አልፈለገችም፤ ቢያንስ እስከ ቤት ድረስ ይቆይ አለች።

ቴሌቪዥኑ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ድምፁ እንደ ማንኛውም ስስ ቴሌቪዥን ስስ ነው፤ ዓለምነው ሦስት ቀን ሙሉ አጉረመረመበት። መብራት በመጀመሪያው ሳምንት አራት ጊዜ ሄዶ መጣ፤ ስታብላይዘሩ እንደ ተቆጣ ድመት እየጮኸ ቻለው።

በሁለተኛው እሑድ ከቀትር በኋላ ኤልሳቤጥ ከባሕር ዳር ደወለች። «እማዬ፣ ትልቁን ትታችሁ ትንሹን ገዛችሁ አሉ፤ ብትነግሩኝ ብር እጨምር ነበር። ለመሆኑ ማርካው ምንድን ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ። አባትሽን ጠይቂ።»

«ወደድሽው?»

«ትናንት ሁለት ሰዓት ሙሉ ዓሣ ሳይ ዋልሁ» አለች እቴነሽ። «ባሕር ውስጥ የሚኖር፣ የማይበላ ዓሣ ነው። እግዜር ምን ያለ ቀለም ፈጥሯል መሰለሽ።»

ዓለምነው ከመደቡ ጥግ አንገቱን አቀና። «ትናንት ተኝቼ ነበር፤ ምን ዓይነት ነበረ?» አለ።

እቴነሽ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ወደሱ ዞረች። «አንዱ አለልህ፣ ጀርባው እንደ በሰለ ብርቱካን ሆኖ ወገቡ ላይ ሦስት ነጭ መቀነት የታጠቀ። አንዱ ደግሞ የተልባ አበባ ሰማያዊ፤ ጭራው ላይ ሲደርስ ቢጫ ይሆናል፣ የመስከረም ቢጫ። ደግሞ አንድ ቀይ ነበር፤ በርበሬ አይደለም፣ ፍም ሊከስል ሲል የሚሆነው ዓይነት...»

ዓለምነው ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ኤልሳቤጥም ከባሕር ዳር፣ ስልኩን ልዝጋው አልዝጋው እያለች፣ ዝም ብላ ትሰማለች።